ፓስፖርቱ ራሱ ትኬት ነው፦ ከአዳማ ተነሥቶ በቻይና ፈጣን ባቡር ለሚሄድ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የቤት ዕቃ እሸጣለሁ፤ ድስት፣ መጥበሻ፣ ፔርሙስ፣ ትሪ፣ የሻይ ብርጭቆ። ለብዙ ዓመት ዕቃውን ከመርካቶ አከፋፋዮች እየተረከብኩ ስሠራ ቆይቼ በ2010 ዓ.ም. ራሴ ወደ ቻይና መመላለስ ጀመርኩ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሱቄ እየመጡ ምክር የሚጠይቁኝ በርክተዋል። ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ኮንቴይነር ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያነሡት ሌላ ነገር ነው። «እትዬ፣ ያንን ፈጣን ባቡር እንዴት አድርገው ነው የሚይዙት? ትኬቱንስ ማን ይገዛልዎታል?» ይሉኛል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በተሳሳተ ትኬት ምክንያት አንድ ቀን የባከነበት ነጋዴ ምን ያህል እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ በእኔም ደርሷልና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ የማስረዳውን ሁሉ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ጓንዡ እንወርዳለን። የቤት ዕቃ፣ ጌጣጌጥ፣ መጫወቻና የጽሕፈት መሣሪያ በትንሽ በትንሹ እያቀላቀለ መግዛት የሚፈልግ ነጋዴ ግን ልቡ ያለው ዪዉ ነው፤ ትልቁ የጅምላ ገበያ የሚገኘው እዚያ ነውና። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ፈጣኑ ባቡር ይህን ርቀት በ6 ወይም በ7 ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። በሻንጋይ በኩል የገባ ሰው ደግሞ ከሆንግቺያኦ ጣቢያ ተሳፍሮ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዪዉ ይደርሳል። ፍጥነቱን ለአዳማ ሰው የማስረዳው በራሳችን መንገድ ነው፦ ከእኛ ከተማ እስከ አዲስ አበባ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚበርር ባቡር የ20 ደቂቃ ጉዞ ነው።

አዳማ ባቡር ያልለመደች ከተማ አይደለችም። ወላጆቻችን በፈረንሣዮቹ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ተመላልሰዋል። የእኔ የመጀመሪያ ጉዞ ደግሞ አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ ሥራ ከጀመረበት ዓመት ጋር ይገጥማል። ሆኖም ከአውቶቡስ መናኸሪያ የተማርነው ልማድ ሌላ ነው። በእኛ ልማድ ገንዘብ የከፈለና ወረቀቱን የያዘ ሰው ይሳፈራል። ወንድም ለእህቱ ይገዛል፤ ያልተመቸው ትኬቱን ለሌላ ይሰጣል። ቻይና ውስጥ የሚያደናቅፈን ይኸው ልማድ ነው። እዚያ ትኬት የሚሸጠው በስምና በመታወቂያ ቁጥር ነው። ለእኛ ለውጭ አገር ሰዎች ቁጥሩ የፓስፖርታችን ቁጥር ነው። ወረቀት የሚባል ነገርም የለም። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ይዤው የነበረው ሰማያዊ ካርድ ቀርቶ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትኬቱ በመላ አገሪቱ ኤሌክትሮኒክ ሆኗል። ጣቢያው ስትገቡ፣ መድረኩ ላይ ስትወርዱ፣ ደርሳችሁ ስትወጡ የምታሳዩት ፓስፖርታችሁን ነው። ፓስፖርቱ ራሱ ትኬት ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

በሦስተኛው ጉዞዬ የሆነውን ልንገራችሁ። ከጉዞው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበት ስለነበር አሳድሼዋለሁ። ከአዳማ ከመነሣቴ በፊት ጓንዡ ላለ አንድ ወኪል ደወልኩና የዪዉ ትኬት እንዲገዛልኝ ጠየቅኩት። «የፓስፖርትሽ ኮፒ ከባለፈው ጊዜ እኔ ጋር አለ፤ አታስቢ» አለኝ። እኔም አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ። በማግሥቱ የመቀመጫ ቁጥሬን በስልኬ ላከልኝ፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በጉዞው ቀን ጣቢያው መግቢያ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ፓስፖርቴን ማንበቢያው ላይ አስቀመጠችው፤ አነሣችው፤ እንደገና አስቀመጠችው፤ ከዚያም ራሷን ወዘወዘች። ወኪሉ የላከልኝን መልእክት አሳየኋት። ስሜ ያው ነው፤ የልደት ቀኔ ያው ነው፤ ፊቴም ያው ነው። ትኬቱ የተቆረጠው ግን ባለፈው ፓስፖርቴ ቁጥር ነበር። አሮጌው ፓስፖርት ደግሞ አዳማ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ወኪሉን ደጋግሜ ደወልኩለት፤ አላነሣም። ባቡሩ እያየሁት ሄደ። መስኮት ሄጄ በአዲሱ ፓስፖርቴ ሌላ ትኬት በጥሬ ገንዘብ ገዛሁ፤ መቀመጫ ያለው ባቡር ከአራት ሰዓት በኋላ ነበር። ዪዉ በሌሊት ደረስኩ፤ በቀጠሮ የሚጠብቀኝ አቅራቢም ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። የመጀመሪያው ትኬት ገንዘብም አልተመለሰልኝም። ወኪሉ በኋላ «እመልሳለሁ» አለኝ፤ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ትኬቴን በድሮ ኮፒ እንዲገዛ አልፈቅድም። ሌላ ሰው ቢገዛላችሁም እንኳ አሁን በእጃችሁ ያለውን ፓስፖርት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። ከተገዛም በኋላ የተመዘገበውን ቁጥር መልሶ እንዲልክላችሁ ጠይቁና ፊደል በፊደል፣ አኃዝ በአኃዝ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩት። ዜሮና ‹ኦ› የሚባለው ፊደል ይመሳሰላሉ፤ አንድና ‹አይ›ም እንዲሁ።

የስማችን ነገርም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ የትኬት መሸጫው ግን የቤተሰብ ስምና የመጠሪያ ስም ብሎ ሁለት ሣጥን ያቀርባል። አንዱ የአባቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስገባል፤ ሌላው የአያቱን ይተወዋል። እኔ የምመክረው መገመት ትታችሁ ፓስፖርታችሁን እንድትከተሉ ነው። ፎቶአችሁ ካለበት ገጽ ግርጌ ሁለት ረጃጅም የፊደል መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር ላይ ኢ፣ ቲ፣ ኤች ከሚሉት የአገራችን መለያ ፊደሎች ቀጥሎ የሚመጣው ስም የቤተሰብ ስም ነው። ከእርሱ በኋላ ሁለት የማዕዘን ምልክት ተከታትሎ ይመጣል፤ ከምልክቶቹ ወዲያ ያለው ሁሉ የመጠሪያ ስማችሁ ነው። ማሽኑ የሚያነበው ያንን መስመር ስለሆነ እናንተም በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉት። የአማርኛ ስማችሁ በእንግሊዝኛ እንዴት ቢጻፍ ይሻላል የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ቢሆን እንኳ ስሕተቱን እንዳለ ቅዱት።

አሁን ትኬቱ ወደሚገዛበት ቦታ እንምጣ። የቻይና ባቡር የራሱ መሸጫ 12306 ይባላል፤ ድረ ገጽም የስልክ መተግበሪያም አለው፤ እንግሊዝኛ ገጽም አለው። የአገልግሎት ክፍያ ስለማይጨምር ዋጋው ከሁሉም ንጹሕ ነው። ችግሩ መመዝገቡ ላይ ነው። ፓስፖርታችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ትልካላችሁ፤ ማንነታችሁ እስኪረጋገጥ ትጠብቃላችሁ። ይህን ቻይና ገብቼ አደርገዋለሁ ያለ ሰው ይቸገራል። ማረጋገጫ በኢሜይል ሲላክላችሁ የጂሜይል ሣጥናችሁ በቻይና ኢንተርኔት አይከፈትም፤ ቴሌግራምም ዋትሳፕም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ምዝገባውን አዳማ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጨርሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። 12306 ትኬት የሚሸጠው በአብዛኛው ቀን በቻይና ሰዓት ከንጋቱ 5፡00 እስከ ሌሊቱ 1፡00 ነው፤ ቻይና ደግሞ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት መግዛት አይቻልም ማለት ነው። አዳማ ላይ ሱቅ ዘግተን፣ ራት በልተን፣ ስልክ የምንይዘው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። አንድ ጎረቤቴ ሦስት ምሽት ተከታታይ ሞክሮ «አልሠራ አለኝ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጠዋት ሱቅ ሲከፍት እንዲሞክር ነገርኩት፤ ወዲያው ገዛ።

ሁለተኛው መንገድ ትሪፕ ዶት ኮምን የመሰለ የጉዞ ትኬት መሸጫ ነው። የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ ነገር ግን አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ የውጭ ካርድም ይቀበላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ጥቂት ከፍሎ በዚህ ቢጠቀም እኔ አልፈርድበትም፤ የመጀመሪያው ጉዞ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አለውና።

ሦስተኛው ራሱ የጣቢያው መስኮት ነው። ማንም እንዳይንቀው እለምናለሁ። ፓስፖርትና ጥሬ ዩዋን ይዞ የሄደ ሰው ካርድም መተግበሪያም ሳያስፈልገው ይገዛል። ማሽኖቹ በዋናነት ለቻይና መታወቂያ የተሠሩ ስለሆኑ እዚያ ጊዜ አታጥፉ፤ በቀጥታ ሰው ወዳለበት መስኮት ሂዱ። ሠራተኞቹ እንግሊዝኛ ላይናገሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የጉዞውን ቀን፣ የባቡሩን ቁጥር፣ መነሻና መድረሻውን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡላቸው። የሆቴል ሠራተኛ በቻይንኛ ከጻፈላችሁማ የተሻለ ነው። በሌላ መንገድ የገዛችሁም ብትሆኑ መስኮቱ ላይ ፓስፖርታችሁን ብትሰጡ የጉዞ መረጃ ያለበት ትንሽ ወረቀት ያትሙላችኋል። ለመሳፈር አያገለግልም፤ ግን የስልክ ባትሪ ቢያልቅ የፉርጎና የመቀመጫ ቁጥራችሁ በእጃችሁ ይኖራል። እኔ ሁልጊዜ አሳትማለሁ።

ስለ ክፍያው አጭር ነገር ልበል። በብር ሒሳባችን ላይ ያለው የኤቲኤም ካርድ እዚያ ይሠራል ብላችሁ አትነሡ። ባንኮች ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ለሚያቀርብ መንገደኛ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ካርድ ያዘጋጃሉ። ያንን ካርድ አዳማ እያላችሁ አሊፔይ በሚባለው የቻይና የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ላይ አስገቡት፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው በኢትዮጵያ ስልካችሁ ነውና ሮሚንግ አስከፍቱ፤ ሲም ካርዱንም ከስልካችሁ አታውጡት። በውጭ ካርድ በአሊፔይ ስትከፍሉ እስከ 200 ዩዋን ድረስ ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን 3 በመቶ ይጨመራል። የጓንዡ ዪዉ ትኬት ከ200 ዩዋን በላይ ስለሆነ ይህን አስቡት።

የጣቢያ ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከፓስፖርት ቁጥር ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጓንዡ አንድ ጣቢያ ያላት ከተማ አይደለችም። ጓንዡ ተብሎ ብቻ የሚጠራው አሮጌው ጣቢያ አለ፤ የምሥራቅ፣ የደቡብና የሰሜን ጣቢያ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው ባይዩንም አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ሰፈር ከመቀየር በላይ ነው። የአቅጣጫዎቹን የቻይንኛ ስም ያዙ፦ ናን ደቡብ፣ ቤይ ሰሜን፣ ዶንግ ምሥራቅ፣ ሲ ምዕራብ ነው። ትኬታችሁ ላይ ጓንዡ ናን ካለ የደቡቡ ጣቢያ ነው ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምናርፍበት ሻውቤይ በ5ኛው የምድር ባቡር መስመር ላይ ነው። አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በ2ኛው መስመር እስከ መጨረሻው ድረስ ስትሄዱ የደቡቡ ጣቢያ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሻንጣ ለያዘ ሰው ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ታክሲ ከያዛችሁ «ባቡር ጣቢያ» ብቻ አትበሉ፤ ሾፌሩ ወደ አሮጌው ሊወስዳችሁ ይችላል። የጣቢያውን ሙሉ ስም በቻይንኛ ስልካችሁ ላይ አሳዩት።

ከዚያ ደግሞ የሰዓቱ ነገር አለ። ባለፈው ጉዞዬ አብሮኝ የሄደ አንድ የሰፈራችን ወጣት ነበር፤ ጎበዝና ጠንቃቃ ልጅ ነው። ትኬቱን ለብቻው ስለገዛ ከእኔ በተለየ ባቡር ነው የሚመጣው። ትኬቱ ላይ 08፡05 ይላል። እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በለመደው አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ከአምስት ብሎ አነበበው። ከምሳ በኋላ ማለት ነው። ጠዋቱን ገበያ ዞሮ፣ ምሳውን በልቶ ጣቢያ ሲደርስ ባቡሩ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሊሞላው ነው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ደወለልኝ። መስኮት እንዲሄድ ነገርኩት። ደንቡ ባቡር ያመለጠው መንገደኛ በዚያው ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ቦታ ባለው ሌላ ባቡር እንዲቀይር ይፈቅዳል፤ የተቀየረው ትኬት ግን ገንዘቡ አይመለስም። ዕድለኛ ሆኖ ማታ የሚነሣ ባቡር ላይ አንድ መቀመጫ ተገኘለት።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብላችሁ አስሉትና ስልካችሁ ላይ በአማርኛ ጻፉት። ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 6 ቀንሱ። 08፡05 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ5 ይሆናል፤ 14፡05 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ይሆናል። ከ18 የሚበልጥ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 20፡30 ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አታስቡት። ቻይና ለሚጠብቃችሁ አቅራቢም ቀንና ሰዓት ስትነግሩ በእነርሱ አቆጣጠር ንገሩት።

ትኬት የሚከፈተው ከጉዞው ቀን 15 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በተራ ቀን ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው እንኳ ይገኛል። ሦስት ወቅት ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው የቻይናውያን አዲስ ዓመት ነው። በዓሉ እንደ ጨረቃው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ በፊትና በኋላ 40 ቀን ያህል አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ፋብሪካም ይዘጋል። በዚያ ወቅት ጭራሽ ባትሄዱ ይሻላል። ሁለተኛው በእኛ መስከረም 20 ወይም 21 የሚጀምረው ብሔራዊ በዓላቸው ነው። ሦስተኛው ሚያዝያ 23 ቀን እኛም የምናከብረው የሠራተኞች ቀን ነው። ይህ ብዙ ነጋዴ ያጠምዳል፤ ምክንያቱም የጓንዡ ታላቁ የንግድ ትርዒት በሚያዝያ 7 ገደማ ይጀምርና መጨረሻው ከዚህ በዓል ጋር ይገናኛል። ትርዒቱን አይቶ ወደ ዪዉ የሚሄድ ሰው ትኬቱ በሚከፈትበት ቀን መግዛት አለበት። የጥቅምቱ ትርዒት ከበዓሉ በኋላ ስለሚጀምር በዚህ በኩል ይሻላል፤ እኔም በጥቅምት ነው የምሄደው።

የባቡሩ ዓይነት በፊደል ይለያል። በ‹ጂ› የሚጀምሩት ፈጣኖቹ ናቸው፤ በ‹ዲ› የሚጀምሩት ከእነርሱ ያነሱ፣ ብዙውን ጊዜም ርካሽ ናቸው። ሁለተኛ ክፍል ለእኛ ይበቃል። በአንድ ረድፍ በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላው ሁለት መቀመጫ አለው፤ ‹ኤ› እና ‹ኤፍ› መስኮት አጠገብ ናቸው። ለአንደኛ ክፍል የሚጨመረውን ገንዘብ ናሙና ግዙበት።

በጉዞው ቀን አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጣቢያው ውስጥ ሁኑ። የደቡቡ ጣቢያ የአውሮፕላን ማረፊያ ያህላል። መግቢያው ላይ ፓስፖርት ይታያል፤ ሻንጣ በማሽን ይፈተሻል። የቤት ዕቃ ነጋዴ የሆናችሁ እዚህ ላይ አስተውሉ፦ የወጥ ቤት ቢላዋ ናሙና ይዛችሁ ፈጣን ባቡር አትሳፈሩም። እኔ አንድ ጊዜ ስድስት ቢላዋ የያዘ ቆንጆ ስብስብ እዚያው ጥዬ ሄጃለሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ አቅራቢው በፖስታ ወደ ዕቃ ማከማቻችሁ እንዲልከው አድርጉ። የሚረጭ የፀጉር ቅባትና የቤት ሽቶም ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። ለአዋቂ የተፈቀደው ሻንጣ 20 ኪሎ ነው፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ130 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል ደንቡ። ከአዲስ አበባ ይዘናቸው የምንሄዳቸው ትልልቅ ሻንጣዎች ከዚህ ይበልጣሉ። ዋናውን ሻንጣ ጓንዡ ሆቴል በአደራ ትቶ በትንሹ መሄድ ነው የሚሻለው።

የመሳፈሪያ በሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲቀር ይከፈታል፤ ባቡሩ ከመነሣቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ልመና አይሠራም። ቻይናውያኑ መታወቂያቸውን ነክተው እየከፈቱ ያልፋሉ። አንዳንዱ በር ፓስፖርት ያነብባል፤ አንዳንዱ አያነብብም። የእኛ በር ብዙውን ጊዜ በስተዳር ያለው፣ ሠራተኛ የቆመበት ነው፤ ሬንጎንግ ይሉታል፤ በሰው እጅ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ወደዚያ ተሰለፉ። መሃል ላይ ተሰልፎ በሩ አልከፈት ሲለው ወደ ኋላ የሚገፋ ሰው እኔ ራሴ ሆኜ አይቼዋለሁ።

መድረኩ ላይ የፉርጎ ቁጥር መሬቱ ላይ ተጽፏል። ቁጥራችሁ ጋር ቁሙ። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ባለ 8 ፉርጎ ባቡሮች ተቀጥለው ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው መተላለፊያ የለም። የትም ገብቼ ውስጥ ለውስጥ እሄዳለሁ ያለ ሰው እስከሚቀጥለው ጣቢያ ቆሞ ይጓዛል። ሁሉም ባቡር ውስጥ የፈላ ውኃ በነጻ አለ። እኔ በሶ ይዤ ነው የምሄደው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በባቡሩ ምግብ ላይ መተማመን ስለማይችል በሶና ቆሎ ትልቅ ነገር ናቸው።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ትኬቱን ቶሎ መልሱ። ባቡሩ ከሚነሣበት 8 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ሙሉ ገንዘቡ ይመለሳል። ከ48 ሰዓት በላይ ሲቀር 5 በመቶ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቀር 10 በመቶ፣ ከ24 ሰዓት በታች ሲሆን 20 በመቶ ይቆረጣል። ቀንና ሰዓት መቀየርም ይቻላል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጥሬ ገንዘብ መስኮት ላይ የገዛ መስኮት ሄዶ ይመልሳል፤ በስልክ የገዛ በስልኩ ይመልሳል፤ ገንዘቡም ወደ ከፈለበት ካርድ ይገባል። በወኪል የተገዛ ትኬት ግን ገንዘቡ የሚመለሰው ለወኪሉ ነው። የእኔን ታሪክ አስታውሱ።

ዪዉ የመጨረሻ ጣቢያ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ባቡሮች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆመው ወደ ሃንግዡና ሻንጋይ ይቀጥላሉ። ከመድረሳችሁ 15 ደቂቃ በፊት ሻንጣችሁን አውርዳችሁ በሩ አጠገብ ቁሙ። ፓስፖርታችሁንም ከሻንጣ ሥር አትቅበሩት፤ መውጫው ላይ ያለው ሠራተኛ እንደገና ይጠይቃችኋል።